ጠንካራ ቢራ ባሕር ዳር አቆይቶ መቅመስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ ከሽቶውና ከጫማው መሐል፣ አንዳንዴ ወፈር ያለ የቢራ ጠርሙስ ይወጣል። የቤልጂየሙ ሰማያዊው ሺሜ ነው፣ ወይ የዚያው አገር ሮሽፎር 10፣ ወይ ኢምፔሪያል ስታውት የሚባለው ከተቆላ ብቅል የሚጠመቅ ድቅድቅ ያለ ጠንካራ ቢራ። አብሮት አንድ ምክር ይመጣል፦ «ይህን አትቸኩሉበት፤ ሲቆይ ነው የሚጣፍጠው።» ምክሩ ልክ ነው። ግን የተነገረው ምድር ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ለሚቀዘቅዝ አገር ነው። ባሕር ዳር ላይ ያንኑ ምክር እንዳለ የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚከፍተው የደከመ ቢራ ነው። ያሳዝናል። ጥቂት ነገር ቢስተካከል እኮ እዚህም ግሩም ቢራ ማቆየት ይቻላል።

ቢራ ሁሉ ሲቆይ ይጣፍጣል ማለት

ዳሽን፣ ጊዮርጊስ፣ ሐበሻ «ላገር» የሚባሉ ፈካ ያሉ ቢራዎች ናቸው። አልኮላቸው 5 በመቶ አካባቢ ነው። የተጠመቁት በአዲስነታቸው እንዲጠጡ ነው። እነሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ለዓመታት ማስቀመጥ ጥቅም የለውም። የሚያተርፉት የራሰ ካርቶን ጣዕም ብቻ ነው።

መቆየት የሚጠቅመው በጥቅሉ 8 በመቶና ከዚያ በላይ አልኮል ላለው፣ ብቅሉ ለበዛ፣ ብዙ ጊዜም ጠቆር ላለ ቢራ ነው። ሰማያዊው ሺሜ 9 በመቶ ነው፣ ሮሽፎር 10 ደግሞ 11.3 በመቶ። ሁለቱም ጠርሙሳቸው ውስጥ ሕያው እርሾ አለ። እርሾው ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን ትንሽ ኦክስጅን ስለሚጠቀምበት ቢራውን ይጠብቀዋል። በጊዜ ብዛት የአልኮሉ ማቃጠል ይለዝባል። ምሬቱ ይቀንሳል። በምትኩ ቴምር፣ ዘቢብ፣ ማር የሚያስታውስ ጣዕም ይመጣል።

ጥንካሬው ብቻ ግን አያታልላችሁ። አይፒኤ የሚባለው ቢራ 9 በመቶ ቢሆንም ቶሎ ይጠጣ። ውበቱ ያለው በሆፑ፣ ማለትም በፈረንጅ ጌሾው መዓዛ ላይ ነው፤ ያ መዓዛ ደግሞ ቀድሞ የሚጠፋው ነው። ቡና የተጨመረበት ስታውትም እንደዚያው። ሲቆይ የቡናው ጣዕም ይሸሽና ጥሬ ቃሪያ ቃሪያ የሚል ነገር ይተካል። በቡና አገር ይህን መቅመስ ያናድዳል።

የፈረንጁን ዓመት እንዳለ መውሰድ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በታች ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ኤልድሪጅ ፖፕ የተባለው ጠማቂ በ1968 እ.ኤ.አ. ቶማስ ሃርዲስ ኤል የሚል ቢራ አወጣ። በደንብ ከተቀመጠ 25 ዓመት ይቆያል ተብሎለታል። ይህን ያነበበ ሰው ጠርሙሱን ለልጁ ሠርግ ቢያስቀምጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያ ተስፋ የተሰጠው ሙቀቱ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ለሆነ ምድር ቤት ነው።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቀኑ 30 ዲግሪ ይደርሳል። ቢራ ውስጥ ያለው ኬሚካዊ ለውጥ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር በግምት እጥፍ ይፈጥናል ተብሎ ይታሰባል። እንግዲህ አስሉት። እዚያ አምስት ዓመት የተባለው እዚህ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ነው። በዚያ ላይ ሙቀት ሁሉንም ለውጥ እኩል አያፈጥንም። ደስ ከሚለው የዘቢብ ጣዕም በፊት የካርቶኑ ጣዕም ሊቀድም ይችላል። እርሾውም በሙቀት ቶሎ ይሞትና ሲፈርስ የሶያ ሶስ ዓይነት ጨው ጨው የሚል ጣዕም ይለቃል።

«ታዲያ ጉድጓድ ቆፍሬ ምድር ቤት ብሠራስ?» የሚል አይጠፋም። ጥልቅ መሬት የሚይዘው የአካባቢውን የዓመት አማካይ ሙቀት ነው። ቤልጂየም ውስጥ ያ 10 ወይም 11 ዲግሪ ይሆናል። እዚህ ያው 20 ገደማ ነው። ሙቀቱ አለመዋዠቁ ጥሩ ነው፤ ቅዝቃዜ ግን አይሰጣችሁም። ሐይቁ አጠገብ ያለ መሬት ደግሞ ጥቂት ሲቆፈር ውሃ ያፈልቃል። ክረምት ላይማ አይነሳ።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ያለ ማቀዝቀዣ የተቀመጠን ቢራ፣ የፈለገ ጠንካራ ቢሆን፣ ከሁለት ሦስት ዓመት በላይ አልጠብቀውም።

ጠርሙሱን ቁም ሳጥን ላይ መስቀል

ልጆች እንዳይነኩት ብለን ውድ ነገር ሁሉ ከፍ አድርገን እናስቀምጣለን። ቤታችን ግን የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ከሰዓት በኋላ ከኮርኒስ ሥር ያለው አየር ከወለሉ በብዙ ይሞቃል። ሌሊት ደግሞ ይቀዘቅዛል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፣ ቀኑ 26 እና 27 ይሆናል። ይህ መዋዠቅ በየቀኑ ሲደጋገም ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጋዝ ይነፋል፣ ይሰበሰባል፤ ክዳኑም ይፈተናል።

የአውሮፓ ሰዎች «በሰሜን ግድግዳ በኩል አስቀምጡት» ይላሉ። ለእነሱ ልክ ነው፤ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡባቸው ናት። እኛ ጋ ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በጣም የሚፈራው ደግሞ የምዕራቡ ግድግዳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያለውን ሙቀት ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው።

ስለዚህ ቤታችሁ መሐል ያለ፣ ውጭ የማይነካ ክፍል ፈልጉ። ወለሉ ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ካርቶን፣ ካርቶኑ ውስጥ ጠርሙሱ። ክፍተቱን በጋዜጣና በአሮጌ ጨርቅ ሙሉት። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ያለው አሮጌ ቤት ካላችሁ ከብሎኬቱ ቤት ይሻላል። በበጋ ካርቶኑ አጠገብ እርጥብ ጆንያ የሚሰቅሉ ሰዎች አሉ። ደረቅ አየር ስለሆነ ያቀዘቅዛል። ክረምት ላይ ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ ጆንያው ክዳኑን ያዝገዋል እንጂ አይረዳም።

ማቀዝቀዣ ካላችሁ፣ መብራት ቢጠፋም በሩን አትክፈቱ፤ ውስጡ ያለው ቅዝቃዜ ለሰዓታት ይቆያል። በረዶ እስካልሆነ ድረስ ከመጠን በላይ ይቀዘቅዛል ብላችሁ አትጨነቁ። ቅዝቃዜው ለውጡን ያዘገያል እንጂ ቢራውን አያበላሽም።

ብርሃንና አቀማመጥ

ይህ አጭር ነው። ፀሐይ ከሆፑ ጋር ስትገናኝ በደቂቃዎች ውስጥ የሚከረፋ ሽታ ትፈጥራለች። ቡናማ ጠርሙስ የተሻለ ይከላከላል፣ አረንጓዴውና ነጩ ምንም ያህል አያድኑም። ጠርሙሱ ይቁም፤ አይተኛ። ሲቆም አየር የሚነካው የቢራው ክፍል ትንሽ ነው፣ አተላውም ታች ይሰበሰባል።

«2017» ብሎ መጻፍ

ይህ የእኛ አገር ብቻ ስህተት ነው። ጠርሙስ ላይ «2017» ተጽፎ ታገኛላችሁ። የእኛ ነው የፈረንጅ? በመካከላቸው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለ። በዚህ ሙቀት ሰባት ዓመት ማለት በመጠጣትና በመድፋት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ስለዚህ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳትሉ አታስቀምጡ። ፋብሪካው ያተመው ቀንም ይጣራ። አንዳንዱ የታሸገበት ቀን ነው፤ አንዳንዱ የመጠቀሚያው ማብቂያ ነው፣ ያም ለእንዲህ ዓይነት ቢራ ዓመታት ወደፊት የሚሄድ ነው። ክረምት ላይ ወረቀቱ ስለሚሻግት ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ጠርሙሱ አንገት ላይ ለጥፉ።

አንዷን ጠርሙስ ለታላቅ ቀን ማቆየት

አንድ ብቻ ካላችሁ ምን እንደተለወጠ በምን ታውቃላችሁ? ከተቻለ ከአንድ ዓይነት ሦስት ይምጣ። አንዱን አሁኑኑ ክፈቱ። ጣዕሙን ጻፉ። ሁለተኛውን ከዓመት በኋላ ቅመሱ። አሁንም አልኮሉ የሚያቃጥል፣ ጣዕሙ ያልተዋሐደ ከሆነ ሦስተኛው ይቆይ። ዘቢቡና ማሩ ከመጣ ግን በቃ፣ ሦስተኛውንም በቅርቡ ጠጡት። ጫፍ ላይ የደረሰ ቢራ ከዚያ በኋላ መውረድ እንጂ መውጣት የለውም።

አንዲቷ ብቻ ከሆነች ደግሞ አትሰስቷት። ትንሽ ቀድሞ የተከፈተ ጠንካራ ቢራ አሁንም ጥሩ ቢራ ነው። ዘግይቶ የተከፈተ ግን መድኃኒት የለውም።

የምትከፍቱበት ቀንም ይታሰብበት። ብዙ ሰው ለፋሲካ ያስቀምጣል። ፋሲካ ግን የሚውለው በሙቀቱ ወቅት ነው፣ ሆድም ከረጅም ጾም በኋላ ዶሮና ቅቤ ይጠብቃል። እኔ ገናን እመርጣለሁ። ምሽቱ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ሰማያዊው ሺሜም መጀመሪያ የተጠመቀው ለገና ቢራነት ነበር፤ ቤቱን አገኘ ማለት ነው።

ከአውቶቡስ አውርዶ መክፈት

ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣ ጠርሙስ የዓባይን በረሃ አቋርጧል። ሞቋል፣ ተንገጫግጯል፣ አተላው ተበጥብጧል። ሁለት ሳምንት ያህል አቁሙት። የቸኮለ ሰው የሚያገኘው ድፍርስና አረፋው የሚገነፍል ቢራ ነው። የሞቀ ቢራ ሲከፈት ሊገነፍል ስለሚችል ምንጊዜም ዕቃ ማጠቢያው ላይ ክፈቱት።

የመቅመሻው ቀን ስህተቶች

በረዶ የመሰለ ቢራ ለምደናል፤ ለሐይቁ ዳር ሙቀት ያስፈልጋል። ጠንካራ ቢራ ግን በጣም ከቀዘቀዘ አፉን ይዘጋል፤ ማቃጠሉና ምሬቱ ብቻ ይሰማል። ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ይበቃዋል። ቀን ሙሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆሞ ይደርና ከመቅዳታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ይውጣ።

ቡና በተፈላበት፣ እጣን በጨሰበት ቤት አትቅመሱ። ይህን ስል እንግዳ ተቀባይነትን መንካት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የምናጣጥመው ነገር ግማሹ ሽታ ነው። የሚቆላ ቡና የስታውቱን የተቆላ ብቅል ሽታ ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። ቡናው ከቅምሻው በኋላ ይሁን። ወጡም እንደዚያው። በርበሬና አልኮል ሲገናኙ ማቃጠሉ ይብሳል። ድፎ ዳቦ፣ ቅመም ያልገባበት አይብ፣ ያለ ዳጣ የተጠበሰ የጣና ቀረሶ ይበቃል።

ብርሌ ያማረ ዕቃ ነው፣ ግን ለጠጅ ነው። አፉ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አይገባበትም። የወይን ብርጭቆ ተጠቀሙ። በሳሙና ከታጠበ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ሲሶው ብቻ ይቀዳ። ለእንግዳ ጎደሎ ብርጭቆ ማቅረብ ስስት ስለሚመስል አስቀድማችሁ ተናገሩ፦ «ይህ ለመቅመስ ነው፣ ሌላውን በኋላ እቀዳላችኋለሁ።» ጠርሙሱን ቀስ ብላችሁ አዘንብሉና አተላው አንገቱ ላይ ሲደርስ አቁሙ።

አዲሱንና የቆየውን ካገኛችሁ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። ጎን ለጎን ቅዱና እየተመላለሳችሁ ቅመሱ። የትኛው የቱ እንደሆነ ባይታወቅ ይመረጣል። አንድ ሰው ጓዳ ገብቶ ይቅዳላችሁ።

ከሁሉ በላይ፣ ከመናገር በፊት ሁሉም ይጻፍ። በእኛ ቤት መጀመሪያ የሚናገረው ትልቅ ሰው ነው። ጋሼ «የቆየው ይሻላል» ካሉ በኋላ ታናሹ «እኔ አዲሱን ወደድኩ» አይልም። በየወረቀቱ ከተጻፈ ግን ሁሉም የቀመሰውን ይናገራል፣ አክብሮቱም አይጓደልም። በእንዲህ ዓይነት ጠረጴዛ ላይ በጣም የሚጣፍጠው ክፍል ይሄ ነው፤ የሁለት ሰው ምላስ ሲለያይ ወሬው አያልቅም።

መጠኑንም አትርሱ። 33 ሴንቲ ሊትር ባለ 10 በመቶ ቢራ ውስጥ ያለው አልኮል የተለመደው ባለ 5 በመቶ ቢራ ሁለት ጠርሙስ ያህል ነው። የሚነዳ ሰው መኪናውን ያሳድር፤ ወደ ቤት በባጃጅ ይሂድ። 75 ሴንቲ ሊትሩን ትልቅ ጠርሙስ ደግሞ ብቻችሁን አትክፈቱት። አንዴ ከተከፈተ ክዳን ገጥሞ ለነገ ማሳደር አይሠራም፣ ጋዙ ይወጣል፣ ጣዕሙ ይረግባል። አራት ሰው ሲሰበሰብ ክፈቱት፣ ያን ዕለትም ጨርሱት።