የልቦለድ ኢንፎግራፊክ ለእንግሊዝኛ ክፍል፦ ማስመሪያ፣ እርሳስና 25 ሴንቲ ሜትር

የእንግሊዝኛ መምህራችሁ ስላነበባችሁት ልቦለድ ኢንፎግራፊክ (መረጃን በሥዕልና በቁጥር የሚያሳይ አንድ ገጽ) ሠርታችሁ አምጡ ካሏችሁ፣ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይሄ ነው። የመጽሐፉ ሽፋን መሃል ላይ ይለጠፋል። ዙሪያውን ታሪኩ በደቃቅ ፊደል ይጠቀጠቃል። ጥግ ላይ የደራሲው ፎቶ ይገባል። እኔም የመጀመሪያዬን የሠራሁት እንደዚሁ ነበር። ግድግዳ ላይ አንድ ሳምንት ከረመ፤ ቆሞ ያነበበው ሰው ግን አላየሁም።

ለምሳሌ የቺንዋ አቼቤን «ቲንግስ ፎል አፓርት» እንያዝ። በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣ የናይጄሪያ ልቦለድ ነው። አጭር ነው፤ ለዚህ ሥራም ይመቻል። መጨረሻውን ስለምናገር ያላነበባችሁ ቅር እንዳትሰኙብኝ።

መጀመሪያ ጥያቄ

ካንቫም ሆነ ፓወር ፖይንት ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጻፉ። አንድ ብቻ። «ስለ ኦኮንክዎ ሕይወት» (ዋናው ገጸ ባሕርይ ነው) ጥያቄ አይባልም። «የኦኮንክዎ ነገር መበላሸት የጀመረው መቼ ነው? ነጮቹ ሲመጡ ነው ወይስ ቀደም ብሎ?» ይህ ይባላል። መልሱን ገና ካላወቃችሁት እሰየው፤ ስትሠሩት ይወጣል።

ቀጥሎ ቁጥር ለቀማ

እርሳስ ይዛችሁ መጽሐፉን እንደገና ግለጡት። ልቦለድ ውስጥ ቁጥር አይገኝም ብላችሁ እንዳትዘሉት። ኦኮንክዎ «ድመቱ» የሚባለውን ታጋይ አማሊንዜን ሲጥል 18 ዓመቱ ነው። ንዋኪቢዬ የሚባል ሀብታም ለመነሻ 800 ያም (የሥራ ሥር ሰብል ነው) ይሰጠዋል፤ ከምርቱ ግን ለእሱ የሚደርሰው ሲሶው ነው። ከሌላ መንደር በካሣ የመጣው ልጅ ኢከመፉና ኦኮንክዎ ቤት 3 ዓመት ይኖራል። የኦኮንክዎ ስደት 7 ዓመት ነው። ወደ መጨረሻው ላይ ነጩ የአውራጃ ገዥ መንደሩን 200 ከረጢት ዛጎል (ያኔ ገንዘብ ነው) ይቀጣል፤ የፍርድ ቤቱ መልእክተኞች ግን ለሕዝቡ 250 ነው ይላሉ። 50ዋ ወደ ኪሳቸው! ይህቺ ብቻዋን አንድ ኢንፎግራፊክ ይወጣታል።

ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ የምዕራፉን ቁጥር ጻፉ። ገጽ አትጻፉ፤ ገጽ በየኅትመቱ ይለያያል።

አሁን ማስመሪያው

መጽሐፉ 25 ምዕራፍ አለው። ኤ4 ወረቀት ደግሞ ሲቆም 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች 25 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቀጭን ዓምድ ስሩ፤ ለአንድ ምዕራፍ አንድ ሴንቲ ሜትር። ከላይ የቀረችው ቦታ ለርዕስ ትበቃለች። በኮምፒውተር የምትሠሩ ከሆነ 25 እኩል ሣጥኖች ደርድሩ።

መጽሐፉ ሦስት ክፍል ስላለው ዓምዱን በሦስት ቀለም ቀቡት፦ 13 ሴንቲ ሜትር፣ 6 ሴንቲ ሜትር፣ 6 ሴንቲ ሜትር። ትንሽ ራቅ ብላችሁ እዩት። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኦኮንክዎ ከመሰደዱ በፊት ያለው የኡሙኦፊያ፣ የመንደሩ፣ ኑሮ ነው፦ እርሻው፣ ትግሉ፣ ሽምግልናው፣ ሠርጉ። አቼቤ የሚፈርሰውን ነገር አስቀድሞ ረጅም ጊዜ ወስዶ አቁሞታል። ይህን ድርሰት ላይ ለማስረዳት አንድ አንቀጽ ይፈጅባችኋል፤ እዚህ ቀለሙ ራሱ ይናገራል።

ከዚያ ምልክት አድርጉ። 7ኛው ላይ ኦኮንክዎ ኢከመፉናን በገዛ እጁ ሲመታው። 13ኛው ላይ ጠመንጃው ሳይታሰብ ባርቆ ልጅ ሲገድልና ለስደት ሲዳርገው። 16ኛው ላይ ሚስዮናውያኑ እምባንታ፣ የተሰደደበት የእናቱ መንደር፣ ሲደርሱ። 24ኛው ላይ ኦኮንክዎ የፍርድ ቤቱን መልእክተኛ ሲገድል። በመጀመሪያው ምልክትና በሚስዮናውያኑ መካከል 9 ሴንቲ ሜትር አለ። ለጥያቄያችሁ መልስ መስጫ ያቺ ክፍተት ናት። ከአጠገቧ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ በቃ።

በቀኝ በኩል ቦታ ከተረፋችሁ አያት፣ አባትና ልጅን ከላይ ወደ ታች አስቀምጡ፦ ኡኖካ፣ ኦኮንክዎ፣ ንዎዬ። ኦኮንክዎ ዕድሜውን ሙሉ አባቱን ላለመምሰል ይሸሻል፤ ልጁ ግን ወደ አያቱ ያደላል። ከኡኖካ ወደ ንዎዬ የምትዘል አንዲት ቀስት ትበቃለች።

ሥዕሉ ላይ ተጠንቀቁ

መፈለጊያው ላይ «አፍሪካ» ብላችሁ ከጻፋችሁ አንበሳና ግራር ይደረደርላችኋል። ኡሙኦፊያ ግን ደን ያለበት የኢግቦ አገር ነው። ያም፣ ዛጎልና የኮላ ፍሬ ይሻላል። ያም ደግሞ ስኳር ድንች አይደለም፤ እኛ ዘንድ ቦዬ ከሚባለው ወገን ነው። ስኳር ድንች የሳለ ሰው አይቻለሁ፤ ከመምህሩ አላመለጠም።

ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ታሪኩን በአሁን ጊዜ ግስ ተርኩት። እኛ «ገደለው፣ ሄደ» ማለት ስለሚቀናን ሳናውቀው ወደ ኃላፊ ጊዜ እንንሸራተታለን። ስለ ልቦለድ ሲጻፍ ግን የእንግሊዝኛው ልማድ «ይገድላል፣ ይሄዳል» ነው። አንድ ማብራሪያ ከ12 ቃል ባይበልጥ እመርጣለሁ።

ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ የሚደረግ ከሆነ በቀለም ብቻ አትመኑ። ቀዩም አረንጓዴውም ያው ግራጫ ነው የሚሆነው። አንዱን ክብ፣ ሌላውን ሦስት ማዕዘን አድርጉት።

ሲያልቅ መጽሐፉን ላላነበበ ሰው፣ ለእህት ወይም ለወንድም፣ ለ10 ሰከንድ አሳዩትና ወረቀቱን ገልብጡት። «ቆንጆ ነው» ካለ ገና ነው። «7ኛው ላይ ምን ተፈጠረ?» ካለ ወደ ማተሚያ ቤት ሂዱ።