ኮንዶሚኒየም ልትገዙ ነው? ጣሪያው የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ

ያደግኩት ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ፣ በቀበሌ ቤት ነው። ክረምት ላይ ጣሪያው ሲያፈስ እናቴ ሳፋ ትደቅናለች። ልታሳድሰው ብትፈልግ እንኳ መጀመሪያ ቀበሌ ማስፈቀድ አለባት። እሷ ተከራይ ናት፤ ቤቱ የመንግሥት ነው። አጎቴ ደግሞ ሮቢት የራሱ ግቢ ነበረው። ቆርቆሮው ሲቀደድ መሰላል አቁሞ ራሱ ይወጣል። ማንንም አይጠይቅም።

እኔ አሁን የምኖረው ኮምቦልቻ፣ ኮንዶሚኒየም፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ሐምሌ የመኝታ ቤቴ ኮርኒስ ጥግ ላይ የምጣድ አክንባሎ የሚያክል እርጥበት ወጣ። እንደ አጎቴ መሰላል ላቁም? እንደ እናቴ ቀበሌ ልሂድ? ሁለቱም አይሆንም። ጣሪያው የሁላችንም ነው።

ነገሩን የሚገዛው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። ኮንዶሚኒየም ስትገዙ በአንድ ዋጋ ሁለት ነገር ትገዛላችሁ። አንዱ ከበራችሁ ወደ ውስጥ ያለው ቤት ነው፤ እሱ የብቻችሁ ነው። ሌላው መሠረቱ፣ ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ጣሪያውና ግቢው ላይ ያላችሁ ድርሻ ነው። ይህን ድርሻ ከቤቱ ነጥላችሁ መሸጥ አትችሉም። የጋራውን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው። ማኅበሩ በሕግ ሰውነት ያለው ነው እንጂ የዕድር ዓይነት ስምምነት አይደለም።

ስብሰባ ጠራን። ምድር ላይ የሚኖሩት ሀጂ ተነሱ። «ልጄ፣ ዝናቡ እኔ ቤት አይደርስ። ለምን ብዬ አዋጣለሁ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው በልቡ የሚይዘውን ነው የተናገሩት።

«ሀጂ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ ሲሞላ ገንፍሎ የሚመጣው አንቱ ደጅ ነው። ያኔ እኔም ከላይ ሆኜ አዋጣለሁ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ብዕሩን ተቀብለው ከስማቸው ትይዩ ፈረሙ። ጣሪያው ሲከፈት የተነቀሉ ምስማሮችና አንድ የዛገ ቆርቆሮ ነው የተገኘው።

ከግል ግቢ የሚለየው ሌላው ነገር መሬቱ ነው። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አጎቴ ግን ይዞታው በስሙ ነበር፤ ፈቃድ አውጥቶ ጓሮ ውስጥ አንድ ክፍል መጨመር ይችላል። እኛ ጋ ግቢው የጋራ ስለሆነ ማንም ብድግ ብሎ ሱቅ አይቀጥልበትም። ሳሎን ለማስፋት ብላችሁም ኮለን እንዳትነኩ፤ አደራ! እሱ የተሸከመው የጎረቤቶቻችሁንም ቤት ነው።

ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ ቀለሙን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ከተቻለ በክረምት ሂዱ። የላይኛው ፎቅ ከሆነ ኮርኒሱን ቀና ብላችሁ እዩ፣ ጠዋት ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃው መውጣቱን ሞክሩ። ምድር ከሆነ የፍሳሽ ጉድጓዱን ክዳን አስነሱ። ቀጥሎ ማኅበሩ ጋ ጎራ በሉ። የመተዳደሪያ ደንቡን አንብቡ። ሻጩ የመዋጮ ውዝፍ እንደሌለበት በጽሑፍ ጠይቁ። ይህን የሚዘል ገዢ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከካርታው እኩል አየዋለሁ።

ካርታው በማን ስም ነው? ያገባ ከሆነ ሁለቱም ተስማምተዋል? የባንክ ዕዳውስ አልቋል? በመንግሥት ዕጣ የተገኘ ቤት እስከተወሰነ ጊዜ እንዳይሸጥ ገደብ ሊኖርበት ስለሚችል ይህንንም አጣሩ። በመንደር ውል ደግሞ ገንዘብ አትቁጠሩ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል።

ቁልፍ በተቀበላችሁ ማግስት ስማችሁን በማኅበሩ መዝገብ ላይ አስመዝግቡ። ያለዚያ የስብሰባው ጥሪ የሚደርሰው ለሻጩ ነው።