አስፋልት በኮንክሪት ላይ ሲነጠፍ፦ የላዩን ጉዳት ከሥሩ መፈለግ

ከጎንደር በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ መተማ የሚመላለሱትን ባለተሳቢ መኪናዎች እንዲሸከም ከታች ኮንክሪት፣ ከላይ አስፋልት ያለው ጥምር ንጣፍ የሚነድፍ መሐንዲስ፣ ጉዳቱ የሚታየው ከላይ ቢሆንም መነሻው ብዙውን ጊዜ ከታች መሆኑን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

መንገዱን አግድም የሚያቋርጡና በእኩል ርቀት የሚደጋገሙ ስንጥቆች ከታዩ፣ ከሥር ያለው የኮንክሪት መጋጠሚያ ወደ ላይ መውጣቱን ያመለክታሉ። 5 ሜትር ርዝመት ያለው የኮንክሪት ሰሌዳ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለወጥ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ በሆነበት የጎንደር በጋ ይህ እንቅስቃሴ፣ መጠኑ ቢለያይም፣ በየዕለቱ ይመላለሳል። ከዚህ የከፋው ግን ጎማ ሲያልፍ የሁለቱ ሰሌዳዎች ጫፍ እኩል አለመውረዱ ነው፤ አስፋልቱን እንደ መቀስ የሚቆርጠው ይህ ነው። ስለዚህ በንድፉ ጊዜ በየመጋጠሚያው ጭነቱን ከአንዱ ሰሌዳ ወደ ሌላው የሚያሻግር ለስላሳ የዳውል ብረት (ዘንግ) ይግባ፤ ሰሌዳው እንዲንሸራተት የብረቱ አንድ ወገን ግሪስ ይቀባ። አስፋልቱ ከተነጠፈ በኋላ ደግሞ ልክ በመጋጠሚያው አናት ላይ በመቁረጫ ተሰንጥቆ በማሸጊያ ሬንጅ ይሞላ። መስመሩ ከሳተ ሌላ ስንጥቅ አጠገቡ መውጣቱ ስለማይቀር፣ የመጋጠሚያዎቹ ቦታ ከንጣፉ በፊት በመንገዱ ዳር ምልክት ሊደረግበት ይገባል። በኮንክሪቱና በአስፋልቱ መካከል የሚዘረጋው የጂኦቴክስታይል (ሰው ሠራሽ) ጨርቅ ስንጥቁን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም፤ ሰሌዳው ከሥሩ ተቦርቡሮ የሚወዛወዝ ከሆነማ ጨርቁ ከንቱ ወጪ ነው።

መወዛወዙን የሚያሳብቀው ከዝናብ በኋላ በስንጥቁ ዙሪያ የሚቀር የጭቃ እድፍ ነው። ከሰሌዳው ሥር የገባው ውሃ ጎማ በተጫነው ቁጥር ደቃቁን አፈር ይዞ ይወጣል፤ ባዶ የቀረው ጥግም ውሎ አድሮ ይሰበራል። ጉዳት ከጭነት ጋር በአራተኛ ኃይል ያድጋል የሚለውን የተለመደ ስሌት ብንወስድ፣ 10 ቶን የጫነ አክስል (የጎማ ዘንግ) ለንድፍ መለኪያ ከሚሆነው የ8.16 ቶን መደበኛ አክስል 2.3 እጥፍ ያህል ይጎዳል። በደንቢያ በኩል እንዳለው ሜዳ መሬቱ ዋልካ ሲሆን ደግሞ፣ በክረምት እያበጠ በበጋ እየተሰነጠቀ ችግሩን ያባብሰዋል። መፍትሄው ባዶውን በሲሚንቶ ውህድ መሙላት፣ የመንገዱን ትከሻ ውሃ እንዳያስገባ ማሸግና የዳር ቦዩን ከንጣፉ ማራቅ ነው፤ ቦዩ ሳይስተካከል የተሞላ ባዶ በቀጣዩ ክረምት ተመልሶ ይከፈታል። ለአዲስ መንገድ ዋልካው በተሻለ አፈር ይተካ፤ ከሰሌዳው ሥርም በሲሚንቶ የጠነከረ ንጣፍ ይግባ።

ባለተሳቢዎች እየተጎተቱ በሚወጡት ዳገት ላይ የጎማ ዱካ ከሰረጎደ ግን ኮንክሪቱ አይወቀስ፤ እርሱ አይሰምጥም። ናሙና ተቆርጦ ሲታይ የሳሳው አስፋልቱ ሆኖ ይገኛል። ተፍቆ ይነሳና ድንጋይ ከድንጋይ በሚደጋገፍበት፣ በመርፌ የመጥለቅ መለኪያ 40/50 የሚባለው ዓይነት ጠንካራ ሬንጅ ባለው ድብልቅ ይተካ፤ በትራፊክ ከተጠቀጠቀ በኋላም የአየር ክፍተቱ ከ3 በመቶ እንዳይወርድ ይነደፍ።

ፍሬን በሚያዝበት ቦታ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ሲወጣ፣ አስፋልቱ ከኮንክሪቱ አልተጣበቀም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ታክ ኮቱ (ሁለቱን ለማጣበቅ የሚረጨው ስስ ሬንጅ) አቧራ ላይ ተረጭቷል። የተላቀቀው ክፍል ሙሉ በሙሉ ይነሳ፣ ኮንክሪቱ ተጠርጎ በአየር ግፊት ይጽዳ፣ ታክ ኮቱም በተረጨበት ቀን ሌላ አቧራ ሳይቀድመው አስፋልቱ ይነጠፍበት።