የቤት ካሜራን ከሩቅ ለማየት ሲሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካሜራው ተሰቅሎ ቤት ውስጥ ጥሩ አድርጎ ካሳየ በኋላ የሚቀረው ከቢሮ ወይም ከውጭ አገር ሆኖ ማየት ነው። ብዙው ጥፋት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

ፖርት (ራውተሩ ላይ ያለ ባለ ቁጥር የመግቢያ በር) መክፈት። ከሁሉ የከፋው ይሄ ይመስለኛል። ቴክኒሻኑ ራውተሩ ውስጥ ገብቶ 80ን፣ 554ን፣ ካሜራው ሂክቪዥን ከሆነ 8000ን፣ ዳሁዋ ከሆነ 37777ን ይከፍትና «አለቀ» ይላል። በእርግጥ ይሠራል፤ ግን ካሜራው ለዓለም ሁሉ ተከፈተ ማለት ነው። የፖርቱን ቁጥር መቀየርም አይደብቀውም፤ ኢንተርኔትን ሌት ተቀን የሚያስሱ ፕሮግራሞች ያገኙታል። «ጠንካራ ፓስወርድ አለኝ» ብሎ መዝናናትም አያዋጣም፦ እ.ኤ.አ. በ2021 በበርካታ የሂክቪዥን ሞዴሎች ላይ የተገኘው ክፍተት ያለ ምንም ፓስወርድ ካሜራውን ሙሉ በሙሉ ለመቆጣጠር ያስችል ነበር። ይልቅ በዋየርጋርድ ወይም በቴይልስኬል ቪፒኤን (ስልክዎን ከቤትዎ ኔትወርክ ጋር በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ይግቡ። ይህ ከከበደዎት የአምራቹን አፕ በኪውአር ኮድ ይጠቀሙ፤ ምስልዎን ለኩባንያው ማመን ቢሆንም ከተከፈተ ፖርት ይሻላል። ራውተሩ ላይ ዩፒኤንፒ የሚባለውንም ያጥፉት፤ ካሜራው ሳይጠይቅዎ በራሱ ፖርት እንዲያስከፍት የሚፈቅደው እሱ ነው።

የፋብሪካውን ፓስወርድ መተው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ካሜራዎችንና ዲቪአሮችን (የካሜራ ምስል መቅጃዎችን) በገፍ የማረከው 60 ገደማ የተለመዱ የስምና የፓስወርድ ጥንዶችን እየሞከረ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለሰዓታት የተስተጓጎሉት እነዚሁ ዕቃዎች በተሳተፉበት ጥቃት ነበር። የተጠለፈ ካሜራ ደግሞ ማሳየቱን አያቆምም፤ ባለቤቱ ነገሬም አይለው።

የራውተሩን አድራሻ ሳያዩ መድከም። ራውተሩ ከውጭ የተሰጠው አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ ወይም በ10 ወይም በ192.168 ከጀመረ፣ አንዱን አድራሻ ከብዙ ደንበኞች ጋር ነው የሚጋሩት፣ ወይም ከራውተሩ ፊት ሌላ ራውተር አለ። ፖርት ፎርዋርዲንግ (ከላይ ያልነው ፖርት መክፈት) በዚህ ራውተር ላይ ብቻ ቢሞክሩት ቢሞክሩት አይሠራም። በሞባይል ዳታ የሚሠሩ ራውተሮች ላይ ይሄ የተለመደ ነው። ቴይልስኬልና የአምራቹ አፕ ግን እንዲህም ሆኖ ይሠራሉ።

በቤት ዋይፋይ ላይ ሆኖ መፈተን። ዋይፋዩን ዘግተው በሞባይል ዳታ ይሞክሩ። ያ ካልሠራ ምንም አልሠራም።

የመላኪያ ፍጥነትን መርሳት። ሰው የሚያየው የማውረጃውን ፍጥነት ነው፤ እዚህ ግን ወሳኙ ከቤት ወደ ውጭ የሚላከው ነው። አንድ ባለ 1080 ካሜራ 4 ሜጋቢት ገደማ በሰከንድ ይፈልጋል። አራቱን ባንዴ ከፍተው ቢንቀራፈፍ ካሜራውን አይውቀሱ፤ ከሩቅ ሲያዩ ሰብስትሪም የሚባለውን ዝቅተኛ ምስል ይምረጡ።

አካውንቱን በቴክኒሻኑ ስልክ ማስከፈት። ብዙ አፖች አንድን ዕቃ የሚመዘግቡት በአንድ ባለቤት ስም ብቻ ነው። ቴክኒሻኑ ስልክ ሲቀይር ወይም ሲጠፋ እርስዎ እንግዳ ሆነው ይቀራሉ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሳሎንዎን ሲፈልግ ያያል። በራስዎ ኢሜይል ይክፈቱና ለቤተሰቡ ያጋሩ።

መብራት ሲሄድ ራውተሩም አብሮ ስለሚጠፋ ካሜራውንም ራውተሩንም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ መሰካት አይዘንጋ።

ሰዓቱን አለማስተካከል። ከቻይና የመጣ ካሜራ ብዙ ጊዜ በቤጂንግ ሰዓት ተሞልቶ ነው የሚመጣው፤ ከአዲስ አበባ 5 ሰዓት ይቀድማል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አጥር የዘለለውን ሰው ቅጂው ውስጥ ሲፈልጉ የሚያገኙት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው። የሰዓት ክልሉን ወደ ጂኤምቲ +3 ይቀይሩት።