የመራመጃው ሮቦት መሀል ላይ ሲቆም

እግሩ የማይታዘዝለትን ታካሚ በመታጠቂያ አንጠልጥሎ፣ ትሬድሚል (የመራመጃ ምንጣፍ) ላይ እግሮቹን እያንቀሳቀሰ የሚያራምደው ሮቦት ጥቂት ያራምድና ቀጥ ይላል። ያስነሱታል፣ እንደገና ይቆማል። ወዲያው "ሞተሩ ተቃጠለ" ተብሎ ይደወላል። ሞተሩ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። ዳሳሹ (ግፊቱን የሚለካው ክፍል) ከገደቡ ያለፈ ግፊት ሲያገኝ ማሽኑ ራሱን ያቆማል፤ የተሠራውም እንዲያ እንዲያደርግ ነው።

ግፊቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከልኬት ነው። የሮቦቱ የዳሌ ማጠፊያ በዳሌ ጎን በጣት ከሚዳሰሰው የጭን አጥንት ጉብታ፣ የጉልበቱም ከጉልበት መገጣጠሚያ ትይዩ መሆን አለበት። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከሳተ፣ እግሩ በታጠፈ ቁጥር ማሰሪያው ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቆዳው ይላጣል፣ ጡንቻው ይኮማተራል፣ ማሽኑ ይቆማል። አንድ ቦታ የሞተሩን ክዳን ፈተው ጠበቁኝ፤ የጭኑ ርዝመት ከቀደመው ረጅም ታካሚ እንዳለ ቀርቶ ነበር! ሌላ ቦታ ታካሚውን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ለክተውታል። ሲንጠለጠል መታጠቂያው ወደ ላይ ይሸሻል፣ ዳሌው ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ተንጠልጥሎ ሳለ ደግማችሁ ለኩ። የማሰሪያውን ጠርዝ ሱሪው ላይ በጠመኔ አስምሩ፤ ትንሽ ካራመዳችሁ በኋላ ከመስመሩ ከራቀ ልኬቱ ተሳስቷል ወይም ቬልክሮው (የማሰሪያው ተጣባቂ ጨርቅ) ደክሟል። ጸጉር የነከሰ ቬልክሮ እንዲይዝ ብላችሁ ከምታጠብቁት ቀይሩት። ርካሹ ደግሞ ከመጀመሪያውም አይነክስም።

ልኬቱ ትክክል ሆኖም ከቆመ የእግር ማንሻውን (የእግሩን ጣት ከምንጣፉ ከፍ አድርጎ የሚይዘውን) ማሰሪያ አላሉ፤ ሲጠብቅ ቁርጭምጭሚቱን ያንቀጠቅጠዋል። የጡንቻው መኮማተር በድንገት ከባሰ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የአልጋ ቁስል ወይም ሥጋ ውስጥ የገባ የእግር ጥፍር ፈልጉ። የኃይል ገደቡን ግን ከፍ አታድርጉ! ለረጅም ጊዜ ያልቆመበት አጥንት የሳሳ ነው፤ ቢሰበርም ታካሚው ላይሰማው ይችላል።

እግሩ ምንጣፉን ረግጦ ሳለ ጉልበቱ ከታጠፈ ማሽኑ የሚሸከመውን ክብደት ጨምሩ። ጣቱ ምንጣፉን ከፋቀ የእግር ማንሻውን አስተካክሉ። አንድ እግር ካበጠና ከሞቀ ሐኪም ሳያየው ማሽኑ ላይ አይወጣም።

ታካሚውን ራሱን ካዞረው አውርዳችሁ አስተኙት። የአከርካሪ ጉዳቱ ቲ6 (ስድስተኛው የደረት አከርካሪ) ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ራሱን ከወቀረው፣ ፊቱ ቀልቶ ካላበው ግን በፍጹም አታስተኙት፤ የደም ግፊቱ እየናረ ነው። አውርዱት፣ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ መታጠቂያውን ፍቱ፣ የደም ግፊቱን ለኩ፣ የሽንት ቱቦውን እዩ። ብዙ ጊዜ የጭኑ ማሰሪያ ቱቦውን ቆንጥጦት ይገኛል። የደም ግፊቱ ካልወረደ ወዲያው ሐኪም ጥሩ።