ለኢላማ ተኩስ የመጀመሪያ ሽጉጥ ለምትመርጡ

ከሁሉ በፊት ፈቃዱ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ ወንጀል ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ ሳያልቅ ዋጋ እንኳ አትጠይቁ።

እዚህ ባሕር ዳር ሽጉጥ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ማካሮቭን ነው። ጠንካራ ነው፣ አልክድም። ግን አፈሙዙ 9 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ የተሠራው ለወገብ እንጂ ለኢላማ አይደለም። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው በተቀራረበ ቁጥር ትንሽ የእጅ ስህተት ኢላማው ላይ ትልቅ ሆና ትታያለች። ለጀማሪ በ0.22 ካሊበር (የጥይቱ ውፍረት በኢንች ነው)፣ ረዘም ያለ አፈሙዝና የሚስተካከል ማነጣጠሪያ ያለው ይሻላል። ጥይቱ ትንሽ ስለሆነ ድምፁም ወደ እጅ የሚመለሰው ምቱም ቀላል ነው። በትልቅ ካሊበር የጀመረ ሰው ገና ሳይተኩስ ዓይኑን መጨፈንና እጁን መስበቅ ይለምዳል፤ ያንን ማስተው ደግሞ ወራት ይፈጃል።

እጀታውን ሳትጨብጡ አትወስኑ። ባዶ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ፣ ከዚያ ጨብጡት። የሌባ ጣታችሁ ጫፍ ሳይንጠራራ ምላጩ ላይ ካረፈ ልክ ነው። ካልደረሰ ወይም አልፎ ከታጠፈ ተዉት፣ የፈለገውን ያህል ቢያምርም።

ደግሞ የጣና እርጥበት አለ። በቆዳ አፎት ውስጥ አታሳድሩት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱም ይዝጋል። በስሱ ዘይት አብሳችሁ፣ ጥይቱን ለብቻ፣ ሽጉጡን ለብቻ ቆልፉበት።