ደሴ ላይ ቀጥ ብሎ የሚነሳ ድሮን፦ ከአየሩ የሚጀምር ንድፍ

የሞተር አምራቾች የሚያወጡት የኃይል ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ የተለካው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል ቦታ ነው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው 0.89 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ በመደበኛው ስሌት ባሕር ወለል ላይ 1.225 ነበር። ስለዚህ ፕሮፔለሩም ክንፉም የሚሠሩት ከአየሩ 72 ከመቶ በማይበልጥ ነው። 1,850 ሜትር ግድም ላይ ያለችው ኮምቦልቻ ትሻላለች፣ በ25 ዲግሪ 0.95 ገደማ ይሆናል። ወሎ ላይ የሚወድቁ ንድፎች ብዙዎቹ ሲሠሩ ሳይሆን ሲሰሉ ወድቀዋል፤ ስለዚህ ምንም ዕቃ ሳይገዛ መጀመሪያ ይህ ቁጥር ወረቀት ላይ ይስፈር።

ከዚህ በታች የምንከተለው ምሳሌ ሲነሳ 6 ኪሎ የሚመዝን፣ ግማሽ ኪሎ ካሜራ ወይም የላብራቶሪ ናሙና የሚይዝ ድሮን ነው።

ቅርፁን መምረጥ

ቀጥ ብለው ተነስተው በክንፍ የሚበሩት ድሮኖች በሦስት ይከፈላሉ። በጅራቱ ቆሞ የሚነሳው ቀላል ነው፤ ነገር ግን መሬት ላይ ሲቆም ክንፉ እንደ ሸራ ነፋስ ይሰበስባል፣ በገደል አፋፍ ላይ ሳይነሳ ይገለበጣል። ሞተሩ የሚታጠፈው በበረራ ጊዜ ትርፍ ክብደት ባይሸከምም፣ መታጠፊያው ላይ ያለ አንዲት ሰርቮ (ትንሽ ማዞሪያ ሞተር) ከተበላሸች ሁሉም ነገር አብሮ ይሄዳል። ሦስተኛው ተራ አውሮፕላን ላይ አራት ማንሻ ሞተር የሚጨመርበት ኳድፕሌን ነው። አራቱ ሞተሮች ከተነሳ በኋላ ሥራ ፈት ሆነው ይጎተታሉ፤ ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው። ሆኖም የሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ የለውም፣ ሲበላሽም የት እንደተበላሸ ይታወቃል። ለመጀመሪያ ሥራ ከዚህ ውጭ መሞከር አይመከርም።

ክብደቱ እንዲህ ይደልደል፦ ባትሪ 1.95 ኪሎ፣ አራቱ ማንሻ ሞተሮች ከፕሮፔለር፣ ከፍጥነት መቆጣጠሪያና ከሽቦ ጋር 1.1፣ የፊት መግፊያው ሞተር ከነዕቃው 0.35፣ አካሉ 1.7፣ ኦቶፓይለት (ድሮኑን የሚያበረው ኮምፒውተር)፣ ጂፒኤስ፣ ሬዲዮና ሽቦ 0.4፣ ጭነት 0.5። አብዛኛው ጊዜ ከልክ የሚያልፈው አካሉ ነው፤ ለዚህም ኢፖክሲ ያለ ሚዛን መቀባት ዋናው ምክንያት ነው።

ማንሻ ሞተሮች

እያንዳንዱ ሞተር ሲያንዣብብ 1.5 ኪሎ ይሸከማል። ነፋስ ሲመጣ ለመታገል እጥፉ፣ ማለትም 3 ኪሎ፣ ያስፈልገዋል። ይህ 3 ኪሎ ግን ደሴ ላይ የሚፈለግ ስለሆነ ለ0.72 ይካፈል፤ ሠንጠረዡ ላይ 4.1 ወይም 4.2 ኪሎ የሚል ሞተር ይፈለጋል ማለት ነው። 18 ኢንች ፕሮፔለር፣ ባለ 6 ሴል ባትሪ፣ ኬቪው (በአንድ ቮልት በደቂቃ የሚዞረው ዙር) 340 አካባቢ የሆነ ሞተር እዚህ ውስጥ ይወድቃል። የፍጥነት መቆጣጠሪያው 40 አምፔር ይሁን። ሙሉ ጋዝ (ሙሉ ጉልበት) ሲሰጠው ሞተሩ በስስ አየር ውስጥ ጭነቱ ስለሚቀልለት ትንሽ ፈጠን ይላል፤ ይህችን ትርፍ ግን ስሌት ውስጥ አታስገቧት፣ ባትሪው ሲደክም ትበላለች።

ለማንዣበብ የሚያስፈልገው ኃይል አየሩ ሲሳሳ ያድጋል፤ የሚያድገውም በጥግግቱ (በአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት) ስኩዌር ሩት ተገላቢጦሽ ነው። በእነዚህ ፕሮፔለሮች ባሕር ወለል ላይ 710 ዋት የሚበቃው ድሮን ደሴ ላይ 835 ዋት ይጠይቃል (የፕሮፔለሩና የሞተሩ ብቃት አንድ ላይ 50 ከመቶ ተይዞ)። ፕሮፔለሩን ወደ 15 ኢንች አሳንሶ ሞተሩን ፈጣን ማድረግ ያው ይመስላል፤ አይደለም፣ ዋቱ ይጨምራል፣ ሞተሩም ይግላል። ስስ አየር ሙቀትን ጠርጎ ለመውሰድም ሰነፍ ነው። ቦታ እስካለ ድረስ ፕሮፔለሩ ትልቅ ይሁን።

ዘንጎቹ የት ይቆማሉ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በዘንግ ላይ የሚታሰሩትን ማንሻ ሞተሮች ከክንፉ ፊትና ኋላ እኩል ርቀት ላይ ማስቀመጥ ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ክንፉ በደህና እንዲበር የክብደቱ ማዕከል ከፊት ጠርዙ ሲለካ ከክንፉ ስፋት (ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ) 25 እስከ 30 ከመቶ ላይ መሆን አለበት፤ የአራቱ ሞተሮች መሃል ደግሞ ልክ እዚያው ነጥብ ላይ መውደቅ አለበት። በእኛ ምሳሌ የክንፉ ስፋት 24 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ማዕከሉ ከፊት ጠርዙ 6.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ነው። የ18 ኢንች ፕሮፔለር ግማሹ 23 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከክንፉ በ4 እንዲርቅ የኋላው ሞተር ከክንፉ የኋላ ጠርዝ 27 ሳንቲ ሜትር ይቀመጣል፣ ይህም ከማዕከሉ 44.5 ነው። የፊተኛውም ከማዕከሉ 44.5 መራቅ ስላለበት ከፊት ጠርዙ 38 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ይወጣል። በሁለቱ መካከል 89 ሳንቲ ሜትር። እኩል አይመስልም፣ ልክ ግን እሱ ነው። ከክንፉ እኩል ቢቀመጡ ለማዕከሉ የሚቀርቡት የፊት ሞተሮች ሁልጊዜ ይበልጥ ይደክማሉ፣ ከኋላዎቹ የበለጠ ጋዝም ይበላሉ።

ዘንጎቹ የካርቦን ፋይበር ይሁኑ፤ ክብ ቱቦ ከሆነ በማጣበቂያ ብቻ አይታሰር፣ ዞሮ ሞተሩን ያጋድለዋል። ፒን ይለፍበት፣ ወይም አራት ማዕዘን ቱቦ ይመረጥ። ተገጥሞ ካለቀ በኋላ የፊትና የኋላ ሞተሮቹን በሁለት እጅ ይዛችሁ ጠምዝዙት። መጠማዘዙ ለዓይን ከታየ ድሮኑ አየር ላይ አፍንጫውን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ አይረጋም፤ ይህን በኦቶፓይለት ማስተካከያ ለመፈወስ የሚባክነው ጊዜ ብዙ ነው።

ትልቅ ክንፍ ያለው ድሮን ሲያንዣብብ አፍንጫውን ለማዞር አቅሙ ደካማ ነው። መፍትሔው ማንሻ ሞተሮቹን ወደ ጎን 3 ዲግሪ ያህል ማጋደል ነው። አቅጣጫው ግን በዘፈቀደ አይደለም። ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ፕሮፔለር አካሉን ወደ ግራ ያዞራል፤ ስለዚህ ይህ ሞተር ፊት ላይ ከሆነ ወደ ግራ፣ ኋላ ላይ ከሆነ ወደ ቀኝ ይጋደል። በተቃራኒ ለሚዞሩት ሁለቱ ተቃራኒውን። ተገላብጦ ከተገጠመ ሁለቱ ኃይሎች ይጣፋሉ፣ ከድሮው የባሰ ይሆናል።

ክንፉና ሁለቱ ፍጥነቶች

ርዝመቱ 2.1 ሜትር፣ ስፋቱ 24 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ሜትር ካሬ ግድም። ይህ ክንፍ ማንሳት የሚተውበት ፍጥነት ባሕር ወለል ላይ በሰከንድ 12.7 ሜትር ነው፤ ደሴ ላይ 14.9። ታዲያ ኦቶፓይለቱ ላይ የትኛው ይጻፍ? 12.7። የፍጥነት መለኪያው ፒቶ ቱቦ የሚለካው የአየሩን ግፊት እንጂ ፍጥነቱን ስላልሆነ በስስ አየር ውስጥ ራሱ ዝቅ አድርጎ ያነባል። አርዱፓይለት በሚባለው የኦቶፓይለት ሶፍትዌር ላይ የሚሞሉት የፍጥነት ገደቦች በዚህ ንባብ ናቸው። 14.9 ብሎ የሞላ ሰው ከፍታውን ሁለት ጊዜ አስልቷል፣ ድሮኑም ሳያስፈልገው እየሮጠ ባትሪ ይጨርሳል። ዝቅተኛውን 15፣ የጉዞውን 16.5፣ ማንሻ ሞተሮቹ ለእርዳታ የሚነቁበትን 14 አድርጉ።

መሬት ላይ የሚያየው ሰው ግን የሚያየው እውነተኛውን ፍጥነት ነው፤ በ16.5 ንባብ የሚጓዘው በሰከንድ ከ19 ሜትር በላይ ይሮጣል። 30 ዲግሪ ተጋድሎ ሲዞር የመዞሪያው ግማሽ ዲያሜትር ባሕር ወለል ላይ 48 ሜትር የነበረው ደሴ ላይ 66 ይሆናል። በሸለቆ ውስጥ መስመር ስትሥሉ ይህን አትርሱ።

መግፊያው ሞተር ከሙሉ ክብደቱ 40 ከመቶ መግፋት ይችል፣ 2.4 ኪሎ፣ ሠንጠረዡ ላይ 3.3። ያነሰ ከሆነ ወደ ክንፍ በረራ የሚደረገው ሽግግር ይረዝማል፣ በዚያ ጊዜ ሁሉ አምስቱም ሞተሮች አብረው ይበላሉ።

ባትሪ

6 ሴል፣ 16 አምፔር ሰዓት ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ 355 ዋት ሰዓት ይይዛል። 80 ከመቶው ብቻ ይቆጠር፣ 284። ለመነሳትና ለማረፍ ሁለት ደቂቃ ተኩል በ1,000 ዋት 42 ይወስዳል፣ ማረፍ ቢያቅትና ቢደገም 15። የቀረው 227 ነው፤ ጉዞው 240 ዋት ስለሚፈጅ 57 ደቂቃ ገደማ። ዕቅድ ላይ 45 ብላችሁ ጻፉ። ሙሉ ጋዝ ላይ ከ100 አምፔር በላይ ስለሚሳብ፣ ቀላልና ብዙ የሚይዙ የሚመስሉት ሊቲየም አዮን ሴሎች እዚህ ላይ ቮልቴጃቸው ወርዶ ልክ በማረፊያ ሰዓት ጉድ ሊሠሩ ይችላሉ።

ተራራው

ኮምቦልቻ የተነሳ ድሮን ከፍታውን የሚቆጥረው ከተነሳበት ነጥብ ነው። 120 ሜትር ብላችሁ ወደ ደሴ ብትልኩት ዳገቱ ውስጥ ይገባል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል 650 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ። መስመሩ የመሬቱን አቀማመጥ የሚከተል ይሁን፣ «ወደ ቤት ተመለስ» የሚለው ትእዛዝም እንዲሁ። ካርታው የባሕር ዛፉንና የቴሌ ማማውን እንደማያውቅ አስባችሁ ቢያንስ 60 ሜትር ጨምሩ። ዳገቱን ለመውጣት ብቻ 21 ዋት ሰዓት ይሄዳል፣ ከአምስት ደቂቃ ጉዞ በላይ። ደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻ ደርሶ የሚመለስ ከሆነ ከባዱ ክፍል ባትሪው ከተጋመሰ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ተቃራኒውን ማቀድ ይሻላል።

ማረፊያ ለመምረጥ አውድማ ጥሩ ነው፣ ደልዳላና ገላጣ። ግን ጤፍ ከተወቃ በኋላ ገለባውና እብቁ ፕሮፔለሩ ሲነፍስ ተነስቶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ሦስት በሦስት ሜትር ሸራ አንጥፉ፣ ጠርዙን በድንጋይ ያዙ። የመጨረሻዎቹን 10 ሜትሮች በሰከንድ ግማሽ ሜትር ውረዱ፤ ከዚያ በላይም ቢሆን ከ1.5 አይለፍ። ነፋስ በሌለበት ቀጥ ብሎ በፍጥነት የሚወርድ ድሮን የራሱን የተናወጠ አየር ውስጥ ገብቶ ይንቀጠቀጣል፣ ጋዝ ቢጨመርም መውረዱን አያቆምም።

ፈቃድ ሳይያዝ፣ በኮምቦልቻና በላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያዎች አካባቢም ሳይፈቀድ አይበረር። ቀበሌውና የአካባቢው ሰው ቀድሞ ይወቅ። ከላይ የሚሰማ የድሮን ድምፅ ወሎ ውስጥ ምን እንደሚያስታውስ ማስረዳት አያሻም።

ሙከራ

በማለዳ ይጀመር፤ ከረፋዱ በኋላ ነፋሱ ዳገት ዳገቱን መውጣት ይጀምራል። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ፣ ሁለት ሜትር ላይ ማንዣበብ ብቻ። የጋዙ ንባብ ከ50 እስከ 55 ከመቶ ከሆነ ደህና፤ ከ60 ካለፈ ክብደት ይቀነስ ወይም ፕሮፔለር ይተለቅ። ካረፈ በኋላ ሞተሮቹን በጣት ንኩ፤ አምስት ሰከንድ የማያስይዝ ሞተር ከልክ በላይ ሠርቷል። ከአራቱ አንድ ሰያፍ ጥንድ ብቻ ከጋለ የሞተር ማጋደሉን፣ የፊቱ ወይም የኋላው ጥንድ ከጋለ ማዕከሉን ፈትሹ።

ሽግግሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመሞከር እንደ ቆቦ ያለ ሜዳ ይመረጣል፦ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ፣ 80 ሜትር ላይ። ቆቦ ላይ ግን አየሩ ወፍራም ነው፣ በ30 ዲግሪም 0.97 ያህል፤ እዚያ ያንዣበበ ሁሉ ደሴ ላይ ያንዣብባል ማለት አይደለም። ደሴን ቆቦ ላይ ለመምሰል ግማሽ ሊትር ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ልክ የክብደቱ ማዕከል ላይ አጥብቃችሁ እሰሩና የማንዣበብ ሙከራውን ድገሙ። ጠርሙሱ እስከ አፉ ይሞላ፤ የሚንቦጫረቅ ውሃ ድሮኑን ያወዛውዛል፣ ጥፋቱም የዘንጉ ይመስላል።